«ነጻ ሶፍትዌር» ስንል ዋጋውን ነው ወይስ ነጻነቱን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ትርፍ ጊዜዬን ዴቢያን የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ድረ ገጽ ወደ አማርኛ በመመለስ ማሳለፍ ጀምሬአለሁ። ጥቂት ገጾች ጨርሻለሁ፤ ገና ለማንም አላስረከብኩም። «ነጻ ሶፍትዌር» ብዬ የጻፍኩትን ለታላቅ ወንድሜ ባነብላቸው «የማይከፈልበት ነው በላ!» አሉኝ። ነገሩ ግን ስለ ዋጋ አይደለም፤ ማንም ሰው ሶፍትዌሩን እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላ እንዲያካፍለው መፈቀዱን ነው። ሌላ ቃል ልፈልግ? ደግሞም እያንዳንዱን ገጽ በኃላፊነት የሚከታተሉት ሰዎች በእንግሊዝኛ «ሜይንቴይነር» ይባላሉ። «ጠባቂ» ብላቸው ዘበኛ፣ «ጠጋኝ» ብላቸው መካኒክ ይመስሉብኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ታላቅ ወንድምዎ ቃሉን የሰሙት ማናችንም አማርኛ ተናጋሪዎች በምንሰማበት ጆሮ ነው። ስለዚህ እሳቸውን ከማረማችን በፊት ለምን እንዲያ እንደተሰማቸው እንመልከት።

እስቲ እነዚህን ጮክ ብለው ያንብቡ፦ ነጻ ሰው፣ ነጻ አገር፣ ነጻ ፕሬስ። ቀጥለው ደግሞ እነዚህን፦ ነጻ ሕክምና፣ ነጻ የስልክ መስመር፣ ነጻ የትምህርት ዕድል። ቃሉ ያው ነው፤ ፍቺው ግን ተለወጠ። ያስለወጠው ከኋላው የተከተለው ስም ነው። ሰው፣ አገር፣ ፕሬስ ገዥ ሊመጣባቸው ይችላል፤ «ነጻ» ስንላቸው ገዥ የላቸውም ማለታችን ነው። ሕክምናና ትምህርት ዋጋ ይጠየቅባቸዋል፤ «ነጻ» ስንላቸው ገንዘብ አንጠየቅም ማለታችን ነው። ሶፍትዌር ብዙ ሰው የሚያውቀው በሱቅ ሲሸጥ ወይም በፍላሽ ሲቀዳ ነው። ጆሯችን ከሁለተኛው ረድፍ ጋር ቢያሰልፈው አይፈረድበትም።

የቃሉ ሥር የግእዙ «ነጽሐ» ነው፤ ጠራ፣ ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። «ንጹሕ» እና «ንጽሕና» ከዚያው ሥር ናቸው። አማርኛ የመጨረሻዋን ፊደል ጥሎ «ነጻ» አለ፤ ከእድፍ መጥራት የነበረውንም ከክስ፣ ከዕዳና ከጌታ ወደ መጥራት አሰፋው። ዳኛ «ነጻ ነህ» ሲሉ ከክሱ ጠርተሃል ማለታቸው ነው። ከዋጋ የጠራ ነገርም በዚሁ መንገድ «በነጻ» ተባለ ብዬ አምናለሁ። ለዋጋው ነገር ቀድሞ ሌላ ቃል ነበረን። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ላይ «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ይላል፤ ሳትከፍሉ ያገኛችሁትን ሳታስከፍሉ ስጡ ማለቱ ነው። ዛሬ «በከንቱ ሰጠሁት» የሚል ሰው ግን የሚቆጭ ይመስላል፤ «ከንቱ» ወደ «ፋይዳ ቢስ» አዘነበለና ቦታውን «በነጻ» ያዘው። እርስዎን ያስቸገረዎት ይህ የሥራ ዝውውር ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ከዚህ ጭንቀት አላመለጡም። የነጻ ሶፍትዌርን እንቅስቃሴ የጀመረው አሜሪካዊው ፕሮግራም ጸሐፊ ሪቻርድ ስቶልማን «ግኑ» የተባለውን የነጻ ሥርዓተ ክወና ሥራ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያስታውቅ የተጠቀመበት «ፍሪ» የሚለው ቃል እንደኛው ሁለት ፊት አለው። ከዚያ ወዲህ «ነጻ ንግግር እንደምንለው እንጂ ነጻ ቢራ እንደምንለው አይደለም» እያለ ሲያስረዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1998 «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስም ሲወጣም አንዱ ምክንያት ይኸው መደናገር ነበር። ፈረንሳዮች ግን «ሊብር» እና «ግራቲዊ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት ስላሏቸው ተርጓሚዎቻቸው እዚህ ላይ አይደናቀፉም።

በዴቢያን ዘንድ ይህ ልዩነት የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ዴቢያንን ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 ሲጀምር ስሙን ከራሱና በወቅቱ ፍቅረኛው ከነበረችው ከዴብራ ስም አገጣጠመው፤ «ደቢያን» ሳይሆን «ዴቢያን» ብለው መጻፍዎ ትክክል የሆነውም ለዚህ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ዴቢያንን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች «ማኅበራዊ ውል» የሚሉትን ሰነድ አጸደቁ። የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ዴቢያን 100% ነጻ ሆኖ እንደሚቀጥል ቃል ይገባል። አብሮት የወጣው መመሪያ ደግሞ አንድ ሶፍትዌር «ነጻ» የሚያሰኘውን ሲዘረዝር ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ ፈቃዱ ሰው እንዳይሸጠው መከልከል እንደሌለበት ይደነግጋል። ልብ ይበሉ፤ መሸጥ ይቻላል! ሲዲ ላይ ገልብጦ በገንዘብ የሸጠ ሰው ውሉን አላፈረሰም። እርስዎ በገጹ ላይ «በነጻ የሚሰጥ ሶፍትዌር» ብለው ቢጽፉ ግን አንባቢው ሻጩን አጭበርባሪ አድርጎ ያየዋል። የቃል ስሕተት የሰው ስም እስከማጉደፍ ይደርሳል የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን እንበል? «አርነት» የሚል የቆየና የጠራ ቃል አለን። አርነት መውጣት ዋጋ ከመቀነስ ጋር ማንም አያገናኘውም። «የአርነት ሶፍትዌር» ብንል ጥርጥር አይኖርም፤ ነገር ግን ዛሬ ቃሉ የሚሰማው በስብከትና በፖለቲካ ድርጅት ስም ውስጥ ስለሆነ የማውረጃ ገጽ ላይ ይከብዳል። «ክፍት ምንጭ» ደግሞ የሌላ ስም፣ የ«ኦፕን ሶርስ» ትርጉም ነው፤ ስለ ተጠቃሚው መብት የሚናገር ነገር የለበትም፤ እኔን የሚያሳየኝም ገጠር ያለ የውሃ ምንጭ ነው። የኔ ፍርድ «ነጻ ሶፍትዌር» ይቆይ የሚል ነው፤ ከ«ነጻነት» ጋር ያለው ዝምድና ሊጣል የማይገባ ሀብት ነው። ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ያድርጉ።

አንደኛው፣ ስለ ገንዘብ ሲያወሩ «በነጻ» የሚለውን ከነጭራሹ አይጠቀሙ፤ «ያለ ክፍያ» ይበሉ። «ዴቢያን ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ያለ ክፍያም ማውረድ ይቻላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከ«ም» ብቻ ይረዳል። ይህች አንዲት ፊደል የአንድ አንቀጽ ማብራሪያ ትተካለች።

ሁለተኛው ግሡ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው መፍትሔም ይህ ነው። የውሉን አንቀጽ «ዴቢያን 100% ነጻ ነው» ብለው ከመለሱት የሱቅ ማስታወቂያ ሆነ። «ዴቢያን ምንጊዜም 100% ነጻ ሆኖ ይኖራል» ይበሉት። «ነጻ ሆኖ ኖረ» የሚባለው ሰው ነው፣ አገር ነው። ሻይ ነጻ ሆኖ አይኖርም። ስሙን ሳንነካ በግሡ ብቻ ሶፍትዌሩን ከሁለተኛው ረድፍ አውጥተን ወደ መጀመሪያው አሻገርነው ማለት ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ገጹን ሲመልሱ መድረስዎ አይቀርምና። «ዴቢያንን ለመጫን ይህን ይጫኑ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ለአንድ ጎረቤቴ ሰጥቼ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት፤ ሁለት ጊዜ ተመልሶ አነበበው። «መጫን» ሁለት ግሦች የሚጋሩት መልክ ነው። ከ«ጫነ» ሲመጣ «ጫ» ላልቶ ይነበባል፤ አህያ ላይ እህል እንደመጫን ነው። ከ«ተጫነ» ሲመጣ «ጫ» ጠብቆ ይነበባል፤ በጣት እንደመጫን ነው። «ይጫኑ»ም እንደዚያው ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ በንግግር ጆሮ የሚለየውን በጽሑፍ ዓይን መለየት አይችልም። ሰው ሁሉ «ዊንዶውስ ጫንኩ» ስለሚል «ጫነ» ለሶፍትዌሩ ይቅር። ለጣቱ ሥራ ግን «ይንኩ» በቂ ነው፤ ስልክ የያዘ ልጅም ሽማግሌም «እዚህ ጋ ንካው» ነው የሚለው። ሶፍትዌሩን የሚጭነውን ፕሮግራም «መጫኛ» ይበሉት። መጫኛ ጭነት ከበቅሎና ከአህያ ጀርባ ጋር የሚታሰርበት ጠፍር ነው፤ ጭነቱ እንዳይወድቅ የሚይዝ። ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝለትም። አዝራሮቹ ላይ ደግሞ «አውርድ» ከማለት «ማውረጃ» ማለት ይሻላል፤ «አውርድ» የሚያናግረው ወንዱን ብቻ ነው።

ወደ «ሜይንቴይነር» ልመለስ። «ጠባቂ» እና «ጠጋኝ» ለምን እንዳልተመቹዎት ይገባኛል። ጥገና የተሰበረ ነገር ይፈልጋል፤ ገጽ ግን ሳይሰበርም ሥራ አለው። «ተንከባካቢ» የሚሉም አሉ፤ እንክብካቤ ለሕፃንና ለችግኝ ደግ ቃል ነው፣ ኃላፊነትን ግን አያሳይም። አማርኛ ለዚህ ሥራ ድሮውንም ቃል አለው፤ «ያዥ»። ገንዘብ ያዥ፣ መዝገብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ እንላለን። ገንዘብ ያዥ የገንዘቡ ባለቤት አይደለም፤ ቆጥሮ የተረከበ፣ ሲጎድል የሚጠየቅ፣ ሲለቅ ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ነው። ዴቢያን ውስጥ አንድ ሰው አንድ የሶፍትዌር ጥቅል ሲረከብ ነገሩ ቁርጥ እንደዚህ ነው፤ ጉድለት ሲገኝ ስሙ ተጽፎ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ መቀጠል ሲያቅተውም ለሌላ ያስረክባል። ስለዚህ «ጥቅል ያዥ» እና «ገጽ ያዥ» ይበሉ። ሥራውንም «የሒሳብ መዝገብ አያያዝ» እንደምንለው «የድረ ገጽ አያያዝ» ይበሉት። ከውጭ የሚመጣ ቃል ሁሉ አዲስ ስም ይሻል ብለው አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ሙያው ድሮ በግምጃ ቤት ሲሠራ የቆየ ነው።

የፊደል ነገር አጭር ነው። «ነጻ» እና «ገጽ» በግእዙ ሥር መሠረት በ«ጸ» ይጻፋሉ። «ነፃ» ብለው የሚጽፉትን አልኮንንም፤ ነገር ግን ለኮምፒውተር «ጻ» እና «ፃ» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ያሏቸው ፊደላት ናቸው። ግማሹ ገጽ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ከተጻፈ የሚፈልግ ሰው ግማሹን አያገኝም። አንዱን ይምረጡና ይጽኑበት።

የመጨረሻው የእድሳት ጉዳይ ነው። የዴቢያን ድረ ገጽ ለየቋንቋው የተለየ አቃፊ አለው። እያንዳንዱ የተተረጎመ ገጽ አናቱ ላይ ከየትኛው የእንግሊዝኛ ቅጂ እንደተመለሰ የሚናገር ምልክት ይጻፍበታል። የድረ ገጹ ምንጭ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጊት» ወደሚባለው የለውጦችን ታሪክ ወደሚመዘግብ ሥርዓት ከተዛወረ ወዲህ ይህ ምልክት 40 የላቲን ፊደላትና አኃዞች ያሉበት ረጅም ቁጥር ነው። እንግሊዝኛው ተለውጦ ትርጉሙ ሳይለወጥ ከቆየ፣ ከዚያ ምልክት ተነሥቶ መዘግየቱ ይታወቅና ገጹ ላይ ለአንባቢው ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ማስጠንቀቂያውን «ጊዜው ያለፈበት ትርጉም» እንዳይሉት፤ ጊዜው የሚያልፍበት መድኃኒትና ወተት ነው፣ አንባቢው ይመርዘኛል ብሎ ይሸሻል። «ወደ ኋላ የቀረ» ካሉትም ስድብ ይሆናል። መታወቂያ እናድሳለን፣ ፓስፖርት እናድሳለን፣ ቤት እናድሳለን፤ ያልታደሰ መታወቂያ የያዘ ሰው ማንነቱ አልጠፋም፣ ቀበሌ መሄድ ብቻ ነው የቀረው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ዋናው የእንግሊዝኛ ገጽ ተሻሽሏል፤ ይህ ትርጉም ገና አልታደሰም። አዲሱን ለማየት ዋናውን ገጽ ይክፈቱ።»