«አንተ ሌላ ነህ» ሲሏችሁ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርትና አካባቢዋ አስተርጓሚ ነበርኩ። ጥገኝነት ጠያቂ ለኢንተርቪው ሲገባ፣ በሱና በስደተኞች መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሀል ያለችው ወንበር የኔ ነበረች። አሁንም ብዙ ወጣቶች ይደውሉልኛል። ስለ ኬዝ፣ ስለ አሻራ፣ ስለ ወረቀት ይጠይቁኛል። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ግን አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ግን ይጠሉናል አይደል?»

ይኼ በስልክ የሚመለስ አይደለም። ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ ብያለሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። እዚህ ስኖር የኛው ተምታታብኝ፤ ይቅር በሉኝ።

እኔ የገባሁት በ1979 ነው። ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከዚያ አውሮፕላን። ቀይ ሽብር ጓደኞቼን ጨርሶብኝ ነበር። እዚህ ያገኘኋቸው ሰዎች ከደርግ መሸሼን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ ይላል። ያኔ እነሱም በበርሊን ግንብ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ከኮሚኒስት መንግሥት አምልጦ የመጣ ሰው ለነሱ ምስክር ነው። በ1956 የሶቪየት ታንክ ቡዳፔስት ሲገባ ወደ 200 ሺህ ሀንጋሪያዊ ተሰድዶ፣ ምዕራቡ ዓለም እጁን ዘርግቶ ነው የተቀበለው። የኔም ነገር ከዚያው ወገን ነበር። እኔ ግን ሞኝ ነበርኩ፤ የወደዱኝ ጨዋ ልጅ ስለሆንኩ፣ ጀርመንኛውንም ቶሎ ስለያዝኩ መሰለኝ።

ግንቡ በ1989 ፈረሰ። ምስክርነቴን የሚፈልገው ሰው አብሮ ቀረ።

በ1992 ጀርመን ውስጥ 438 ሺህ ሰው ጥገኝነት ጠየቀ። ዩጎዝላቪያ እየነደደች ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሮስቶክ ውስጥ፣ ሊሽተንሃገን በሚባል ሰፈር፣ የቬትናም ሠራተኞች የሚኖሩበትን ሕንፃ ወጣቶች በድንጋይና በቤንዚን ጠርሙስ ለቀናት ደበደቡት። ጎረቤት ወጥቶ ያይ ነበር። የሚያጨበጭብም ነበር። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሙኒክ ውስጥ ወደ 400 ሺህ ሰው ይኼን በመቃወም ሻማ ይዞ አደባባይ ወጣ። በ1993 ግንቦት ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የጥገኝነትን መብት አጠበበ። ከሦስት ቀን በኋላ ዞሊንገን ውስጥ አንድ የቱርክ ቤተሰብ ቤት ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ተያይዞ አምስት ሴቶችና ሕፃናት ሞቱ። ይኼ ሁሉ ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በአንድ አገር ነው። ያን ክረምት ማታ ከባቡር ስወርድ የቤቴን ቁልፍ በጣቶቼ መሀል ሰክቼ ነበር የምሄደው። ምን እንደማደርግበት እንጃ።

ከምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት አንዲት ባልቴት ነበሩ። ቡና ሳፈላ ሽታው ይስባቸዋል፤ ይወጣሉ። የተወለዱት ሲሌዝያ ነው፤ ዛሬ ፖላንድ የሆነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ 12 ሚሊዮን ጀርመን ከምሥራቅ ተባሮ ወይ ሸሽቶ መጥቷል። እሳቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእናታቸው ጋር ጋሪ እየገፉ ባቫሪያ አንድ መንደር ገቡ። መንግሥት ከአንድ ገበሬ ቤት አንድ ክፍል መደበላቸው። ገበሬው ቁም ሳጥን ጎትቶ በሩ ላይ ገተረ። ቋንቋ አንድ፣ ዘር አንድ፣ ሃይማኖት አንድ። የመንደሩ ልጆች ግን «ፖላኮች» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ይኼን ሲያወሩኝ በሰባ ዓመታቸው እንኳ ድምፃቸው ይሰባበራል።

እንግዲህ እኚሁ ሴትዮ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ምን ይሉኛል? «አሁን የሚመጡት ግን ስደተኞች አይደሉም። ለገንዘብ ነው የሚመጡት። አንተ ሌላ ነህ።»

ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ነው ያለኝ። ስኒያቸውን ደግሜ ሞላሁላቸው።

እናንተንም አንድ ቀን «አንተ ሌላ ነህ» ይሏችኋል። አለቃችሁ ይላችኋል፣ የልጃችሁ አስተማሪ ትላችኋለች። ምርቃት ትመስላለች። ያቺን ቃል የተቀበለ ሰው ግን ከኋላው የሚመጣውን ወንድሙን በዚያችው ቅጽበት አሳልፎ ሰጥቷል። እኔ ይኼን ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በአማርኛ «ስደተኛ» ስንል ሁሉንም ነው። ከጥይት የሸሸውም ስደተኛ ነው፤ ከድህነት የሸሸውም ስደተኛ ነው። ጀርመንኛው ግን ይለያል። አንደኛው ፍሉሽትሊንግ ነው፤ ለነፍሱ የሸሸ ማለት ነው። ሌላው ቪርትሻፍትስፍሉሽትሊንግ፣ ለኑሮ የመጣ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ስድብ ነው የሚነገረው። ሕጉ መነሻ አለው። የ1951 የጄኔቫ ስምምነት አምስት ምክንያት ይቆጥራል፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል መሆን፣ የፖለቲካ አመለካከት። ረሃብ እዚያ ውስጥ የለም። ሥራ ማጣትም የለም። ይኼን ማወቅ አለባችሁ። ሕጉ ሰውን ለሁለት የሚከፍልበት መስመር ግን በሰው ሕይወት ውስጥ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይገኝም።

አንድ ልጅ ነበር። የምጽፈው ራሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ ስምና ቦታ ግን አልጠራም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የለበሰው ጃኬት የሰው ነው፣ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኗል። ኢንተርቪው የምታደርገው ሠራተኛ ክፉ ሴት አልነበረችም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀችው፤ አጭር አጭር መለሰ። ከዚያ «ለምን መጣህ?» አለችው።

አቀርቅሮ «ሰው ለመሆን» አለ።

እስቲ ተርጉሙት። እኛ ሰው መሆን ምን እንደሆነ እናውቃለን። ራሱን የቻለ፣ እናቱን የሚጦር፣ ሲወጣ ሲገባ የማይዋረድ። ጀርመንኛ ላይ ቃል በቃል ሲቀመጥ ግን እብደት ነው የሚመስለው። አስተርጓሚ ደግሞ የተባለውን እንጂ የተፈለገውን አይናገርም። ቃል በቃል አልኩት። ግራ ገባት፤ «ምን ማለቱ ነው? ጠይቀው» አለች። ጠየቅኩት። «ለመለወጥ። ቤተሰቤን ለመለወጥ» አለ። ያንንም አልኩ። የድምፅ መቅጃዋን አነሳችና «አመልካቹ የኑሮ ሁኔታውን ለማሻሻል እንደመጣ ገልጿል» ብላ ቀዳችው። አለቀ።

ልጁ አገር ቤት ሰባት ወር ታስሮ ነበር። ጀርባው ላይ ምልክት አለው። ኔጋቲቭ፣ አይሆንም የሚል ውሳኔ፣ መጥቶበት ጠበቃ ፊት ሲቀመጥ ነው ይኼ የወጣው። ለምን ያኔ ዝም እንዳለ በኋላ ጠየቅኩት። «ለሴት እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ደግሞ የጠየቀችኝ ለምን እንደመጣሁ ነው፤ ለምን እንደወጣሁ አይደለም» አለኝ። ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ፈጀ። ተፈረደለት።

ስለዚህ የደረሰባችሁን ሁሉ ተናገሩ። ነውር ነው ብላችሁ አትዋጡት። ሴት ጠያቂ ከከበደህ ወንድ ይሁንልኝ ማለት ትችላለህ፤ ሴትም እንዲሁ።

የሰው ታሪክ ግን አትግዙ። ኬዝ የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። በአንድ ወር ውስጥ ያንኑ ታሪክ ከሦስት ሰው አፍ ተርጉሜያለሁ። ያው ዘበኛ፣ ያው የተሰበረ መስኮት፣ ያው ከተማ ያለ አጎት። በሦስተኛው ጠያቂው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እውነተኛ መስኮት ሰብሮ ያመለጠ ልጅ ቢገባ ማን ያምነዋል?

ለእንጀራ መምጣት ራሱ ነውር ነው ያላችሁ ደግሞ ማነው? ጀርመን ራሷ በ1955 ከጣሊያን፣ በ1961 ከቱርክ ጋር ተፈራርማ ሠራተኛ አስመጥታለች። በ1964 አንድ ሚሊዮንኛው ሲገባ ኮሎኝ ዶይትስ ባቡር ጣቢያ በሙዚቃ ነው የተቀበሉት። አርማንዶ ሮድሪገዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ አናጢ ነበር። አበባና ሞተር ሳይክል ሸለሙት። እንግዲህ ያ ሰው የለየለት ቪርትሻፍትስፍሉሽትሊንግ መሆኑ ነው! በ1973 ነዳጅ ሲወደድ በሩ ተዘጋ። ዛሬ ደግሞ ነርስ ስለጠፋ ሌላ በር ተከፍቷል፤ ከ2024 ሰኔ ጀምሮ በትምህርትና በቋንቋ ነጥብ እየተቆጠረ ሥራ ፈላጊ የሚገባበት ካርድ አለ። ለሥራ የምትመጣ ከሆነ መጀመሪያ ያን አንኳኳ። ባሕሩ ኋላ አለ። እንዲያውም የለም በለው። በ2013 ጥቅምት ላምፔዱዛ በምትባል የጣሊያን ደሴት አጠገብ በአንድ ጀልባ ብቻ ከ360 በላይ ሰው አልቋል፤ አብዛኞቹ የኤርትራ ልጆች ነበሩ።

2015ን የምታስታውሱ አላችሁ። መስከረም ላይ ሙኒክ ለማስተርጎም ሄጄ ነበር፣ በነፃ። ባቡሩ ሲቆም ሕዝቡ ያጨበጭባል። ውሃ፣ ሙዝ፣ የልጆች አሻንጉሊት ተደርድሯል። ከሶርያውያኑ መሀል አንድ የኛ ልጅ አገኘሁ። ወደኋላው እየዞረ «ጋሼ፣ ማን ሊመጣ ነው? ኳስ ተጫዋች አለ እንዴ?» አለኝ። ላንተ ነው ስለው ሳቀብኝ።

በዚያ ዓመት ወደ 890 ሺህ ሰው ገባ። በፈረንጆቹ የዘመን መለወጫ ሌሊት ኮሎኝ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ሞተር ሳይክሉ ከተሸለመበት ከወንዙ ማዶ፣ ብዙ ሴቶች ላይ ጥቃት ደረሰ። ከተጠረጠሩት ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹ ያለቀሱት እውነተኛ እንባ ነው፤ ይኼን «ሚዲያ ነው ያጋነነው» እያላችሁ አታስተባብሉ። የካቲት ላይ ያ የሙኒኩ ልጅ ደወለልኝ። ባቡር ውስጥ አጠገቡ ስትቀመጥ የነበረች ሴት ቦርሳዋን አቅፋ ተነሳች። «ምን አደረግኳት?» አለኝ። ምንም። መስከረም ላይም ለጭብጨባው ምንም አላደረገም ነበር።

በ2022 ዩክሬናውያን መጡ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የነበረ ሕግ አወጣላቸው። ኢንተርቪው የለ፣ ሃይም፣ የስደተኞች ማደሪያ፣ ውስጥ ዓመታት መጠበቅ የለ፤ ሥራ ወዲያው። የኛ ልጆች ተቃጠሉ። «እኛስ ሰው አይደለንም?» አሉኝ። ቅሬታው ልክ ነው፤ ሲያዩት ያማል። ቁጣው ግን ልጅ አዝላ ከካርኪቭ በወጣችው ሴት ላይ ሲዞር አልወደድኩትም። ደግሞ ሁለት ዓመት አልሞላም፤ በቴሌቪዥን «ድጎማ እየበሉ አይሠሩም» መባል ጀመሩ። ነጭ ናቸው፣ ክርስቲያን ናቸው። አልጠቀማቸውም።

ፈረንጁን ብቻ እንዳላማ ደግሞ የራሳችንን ልንገራችሁ። አገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አስጠልላለች፤ ደቡብ ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ኤርትራ፣ ሱዳን። ከጥቂት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «የቤት ኪራይ ያስወደዱት እነሱ ናቸው» አለች። ረዳቱም «ዶላር ይላክላቸዋላ!» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በጀርመንኛ ለሠላሳ ዓመት የሰማሁት ነው፤ በአማርኛ ሲባል እንዴት እንደሚለሰልስ! እኔም ወርጄ ሂሳቤን ከፈልኩ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ያ «ሰው ለመሆን» ያለው ልጅ ዛሬ አውቶቡስ ነጂ ነው። እናቱን ይጦራል። ባለፈው በሱ መስመር ስሄድ ከፊት ቆሜ እናወራለን። ዝናብ ነው፣ መጥረጊያው ይንቋቋል። ፌርማታው ላይ አዲስ የመጡ የሚመስሉ አራት የሐበሻ ልጆች በአንድ ጃንጥላ ታጭቀው ቆመዋል።

«አየሃቸው ጋሼ?» አለኝ። «የአሁኖቹ እኮ ስደተኛ አይደሉም። ለመለወጥ ነው የሚመጡት።»

«አንተስ ያኔ ምን ነበር ያልካት?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ በሩን ከፈተላቸው።