ሰነዱን ከመጻፍሽ በፊት ስቶር ግቢ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሥራ ደህንነት ትምህርትሽን ጨርሰሽ አሜሪካ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ሥራ ተቋራጭ ቢሮ ከተቀጠርሽ ስድስት ወርሽ ነው። አንድ ትልቅ ደንበኛ ድርጅታችሁን ለጨረታ ከመጋበዙ በፊት የቅድመ ብቃት ምዘና እንዲያልፍ ጠይቋል። የሪጊንግ፣ ማለትም ጭነትን አስሮ በክሬን የማንሳት ሥራ፣ የደህንነት ፕሮግራም ሰነዳችሁ ግን ሁለት ጊዜ ተመልሷል። አለቃሽም «ከኢንተርኔት አንድ አውርጂና የድርጅቱን ስም ቀይሪበት፤ ብቁ ሰው የሚለው ቦታ ላይ ያንቺን ስም አስገቢ» ብሎሻል። «ይህ ሥራ ሙያ ይሆነኛል ወይስ ልተወው?» ነው ጥያቄሽ።

ሙያ ይሆንሻል። ስምሽን ግን አሁን አታስገቢ።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የስሙ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በኦሻ፣ ማለትም በአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ የግንባታ ደንብ «ብቁ ሰው» የሚባለው በዲፕሎማው አይለካም። ሁለት ነገር አንድ ላይ ሊኖሩት ይገባል፤ አደጋውን አይቶ የመለየት ችሎታ፣ እና ወዲያው የማስተካከል ሥልጣን። እስቲ ራስሽን ጠይቂ። ክሬኑ ጭነት አንጠልጥሎ ሳለ «አቁሙ» ብትዪ ፎርማኑ ያቆማል? የተቀደደ ስሊንግ (ጭነቱ የሚንጠለጠልበት ማሰሪያ) አይተሽ ከሥራ ይውጣ ብትዪ የሚከራከርሽ የለም? ለሁለቱም «አዎ» ማለት ካልቻልሽ ያ መስመር ውሸት ነው። ሰው ከተጎዳ በኋላ ደግሞ ብቁ ሰው ተብሎ የተጻፈው ማን እንደነበረና በዚያ ቀን የት እንደነበረ መጠየቁ አይቀርም።

አለቃሽን አትጣዪው። እንዲህ በዪው፦ «ሰነዱን እኔ አዘጋጃለሁ። ስሙ ግን ሜዳ ላይ የሚውለው የፎርማኑ ይሁን፤ ሥራ የማስቆም ሥልጣኑንም በጽሑፍ ይሰጡት።» ይህን ለመፈረም እምቢ ካለ ስለ ድርጅቱ ትልቅ ነገር አወቅሽ ማለት ነው። ያኔ ሌላ ሥራ መፈለግ እንድትጀምሪ እመክርሻለሁ።

አሁን ወደ ሰነዱ እንምጣ። ወደዚህ የምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ለደንበኞች ወገን ሆኜ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን አነብ ነበር። ዛሬም የማልረሳው አንድ ሰነድ አለ። ስለ ሽቦ ገመድ አራት ገጽ ተጽፎበታል፤ ምን ያህል ክር ሲበጠስ እንደሚወገድ ሁሉ ሳይቀር ተዘርዝሯል። ድርጅቱ ግን አንድም የሽቦ ገመድ አልነበረውም። ሁሉንም ጭነት የሚያነሳው በጨርቅ ስሊንግ ነበር፤ ስለ ጨርቅ ስሊንግ የተጻፈው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው። ሠራተኞቹ በየቀኑ የሚይዙት ዕቃ ሰነዱ ውስጥ የለም ማለት ነው። ይህን ሳይ ልቤ አዘነ፤ ምክንያቱም ያ ወረቀት ከአደጋ ሊያድነው የሚችል አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከጽሑፍ በፊት ስቶር ግቢ። ያለውን ሁሉ ቁጠሪ፤ ሰንሰለቱን፣ ሽቦውን፣ የጨርቁን ስሊንግ፣ ሻክሉን (ማያያዣውን ብረት)፣ መንጠቆውን። የእያንዳንዱን ታግ አንብቢ። ምን ያህል እንደሚሸከም የሚገልጸው ጽሑፍ የጠፋ ወይም የማይነበብ ከሆነ ዕቃው ወደ ሥራ አይወጣም። የጨርቁን ስሊንግ በእጅሽ እየዳሰስሽ እዪው፤ የቀለጠ ወይም የከሰለ ቦታ፣ የአሲድ ቃጠሎ፣ ቀዳዳ፣ የተቆረጠ ጠርዝ፣ የተተረተረ ስፌት ካለው አበቃለት። ድርጅቱ ራሱ በይዶ የሠራው የማንሻ ዕቃ ካገኘሽ ቆም በዪ። ደንቡ እንዲህ ያለው ዕቃ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲያነሳ የተወሰነለትን ክብደት 125 በመቶ በሚሆን ጭነት ተፈትኖ፣ ያ ክብደት እላዩ ላይ እንዲጻፍበት ይጠይቃል። ትናንሽ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ በይዶ የሠራው ሰው አሁንም እዚያው ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥረውም።

ቀጥሎ ጭነቱን ከሚያስሩት ሠራተኞች፣ ከሪገሮቹ ጋር ሙሉ ፈረቃ ዋዪ። ዕቃቸውን በየፈረቃው ከመጀመራቸው በፊት መመርመር አለባቸው፤ ይመረምራሉ? ማን? የት ይጻፋል? የብረት ሰንሰለት ስሊንግ ደግሞ ቢያንስ በ12 ወር አንድ ጊዜ ጥልቅ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የመጨረሻው መቼ ነበር? መልሱ «አናደርግም» ከሆነ «እናደርጋለን» ብለሽ አትጻፊ። መጀመሪያ አስጀምሪ፣ ከዚያ ጻፊ።

ስለ ስሊንግ ማዕዘን ጠይቂያቸው። ቢሮ የተቀመጠ ሰው በቀላሉ የሚያልፈው ነገር ነው። 1000 ኪሎ ጭነት በሁለት እግር ስሊንግ ቀጥ ብሎ ሲነሳ እያንዳንዱ እግር 500 ኪሎ ይሸከማል። ስሊንጉ ከአግድሙ በ60 ዲግሪ ሲያዘነብል በአንዱ እግር ላይ የሚያርፈው 577 ይሆናል፤ በ45 ዲግሪ 707፤ በ30 ዲግሪ 1000። ጭነቱ ያው ነው፤ ስሊንጉ ግን እጥፍ ተወጥሯል። ሪገሮቹ ይህን በቃል ከነገሩሽ በራሳቸው አነጋገር ሰነዱ ውስጥ አስገቢው። ካላወቁት የመጀመሪያው የሥልጠና ርዕስሽ ተገኘ።

ሌላው የሰነዱ መርማሪዎች የሚፈልጉት የሪገሩን ብቃት ነው። በ2010 የወጣው የክሬን ደንብ ጭነት የሚያያይዙ፣ የሚፈቱ ወይም የሚመሩ ሠራተኞች ጭነቱ ቢወድቅ በሚያርፍበት ክልል ውስጥ ሲሆኑ ማያያዙን ብቃቱ የተረጋገጠ ሪገር እንዲሠራው ያዛል። ብቃቱ በምስክር ወረቀት ብቻ አይለካም፤ ሰፊ ዕውቀት፣ ሥልጠናና ልምድ ኖሮት የዚያን ዓይነት ሥራ ችግሮች መፍታት እንደሚችል ያሳየም ብቁ ነው። ግን ለዚያ ዓይነት ሥራ ብቻ! ቧንቧ ማንሳት የሚችል ሰው ያልተመጣጠነ ማሽን ለማንሳት ብቁ ነው ማለት አይደለም። ሰነድሽ ማን ለየትኛው ሥራ ብቁ እንደሆነና ማን እንደመዘነው በስም ይናገር።

ስለ ራስሽ ትምህርት ብዙ አልልም። የ30 ሰዓቱ የኦሻ ሥልጠና ይጠቅምሻል፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ግን አይደለም፣ እንደዚያ አድርገሽ አታቅርቢው። ከቻልሽ ለአንደኛ ደረጃ የሪገር ፈተና ተዘጋጂ። የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው። ሪገር ሆነሽ ባትሠሪም ሜዳ ላይ ስትናገሪ ይሰሙሻል።

ሦስት ሳምንት ጠይቂ። አለቃሽ ቢቸኩል «ሁለት ጊዜ የተመለሰው ተጣድፈን ነው» በዪው። የሥራ ማመልከቻሽንም ከአሁኑ አስቢበት። «የሪጊንግ ፕሮግራም ጽፌያለሁ» የሚለው ብቻውን ብዙም አይነግረኝም። ስንት ስሊንግ እንደመረመርሽ፣ ስንቱ ከሥራ እንደወጣ፣ ስንት ሪገር በስሙ ተመዝኖ እንደተመዘገበ ጻፊ። ቁጥሩን ከዛሬ ጀምሮ በደብተር ያዢው።