«መሬቱን እየሮጡ መቱ» ይባላል?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት የምተረጉመው እኔ ነኝ። «ሂት ዘ ግራውንድ ረኒንግ» የሚል እንግሊዝኛ ገጠመኝና «አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መሬቱን እየሮጡ መቱ» ብዬ ጻፍኩ። አንባቢው ሁሉ ግራ ገባው። «ፍላይንግ ስታርት»ንም «በራሪ ጅማሬ» ብዬዋለሁ። ምን ብል ይሻላል?

መልስ፦ ታክሲ ተራ ላይ ወያላውን አይተውት ያውቃሉ? ሚኒባሱ ገና ሳይቆም ዘሎ ይወርዳል። እግሩ መሬት ሲነካ ቀጥ ብሎ ቢቆም በአፍጢሙ ይደፋል። ስለዚህ እየሮጠ ያርፋል። እንግሊዝኛውም የሚያሳየን ይህንኑ ነው። «ሂት» እዚህ ጋ መምታት አይደለም፤ መሬት መርገጥ ነው። ሰውየው መለማመጃ ጊዜ ሳያሻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ሠራ ማለት ነው። ለዚህ «ሳይውሉ ሳያድሩ ሥራውን ተያያዙት» የሚል ያማረ አማርኛ አለልዎት።

«ፍላይንግ ስታርት» የውድድር ቃል ነው። በአንዳንድ የመኪናና የጀልባ ውድድር ተወዳዳሪው የመነሻውን መስመር የሚያልፈው ፍጥነት ይዞ ነው። በረራ የለበትም። «አጀማመሩ አማረለት» ይበሉት፤ ይበቃል።

የእነዚህ ዘመድ የሆነው «ጌት ኦፍ ኦን ዘ ራይት ፉት» (ቃል በቃል «በቀኝ እግር መነሳት») ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚባለው አዲስ ለተዋወቁ ሰዎች ነው። «ራይት» ቀኝም ትክክልም ይሆናል። እኛም ቀኝን ለመልካም ነገር እንሰጣለን፤ «ቀኝ ያውልህ» ብለን እንመርቃለን፣ የተነጫነጨውን «በግራ ጎንህ ነው እንዴ የተነሳኸው?» እንለዋለን። ያም ሆኖ ሪፖርት ላይ «ገና ከጅምሩ ተግባቡ» ቢሉ ይሻላል።

እኔ አብልጬ የምወደው ግን «ቀናው» የሚለውን ግስ ነው። ነጋዴዋ ወደ ማታ «ዛሬ ገበያ ቀናኝ» ትላለች። ልብ ይበሉ፤ የቀናው ገበያው ነው፣ እሷ ተቀባይ ናት። እንግሊዝኛው ሯጩን ያሞግሳል፤ የእኛ ግስ ግን ስኬቱን ከሰውየው ውጭ የመጣ በረከት ያደርገዋል። አዲስ ሱቅ ለሚከፍት ወዳጃችን «ይቅናህ» የምንለውም ለዚህ ነው። ይህን ግስ ከትርጉም ሥራችን ባናርቀው ደስ ይለኛል። «በ»ን ብቻ ይጠንቀቁ። «ቀናው» ያሉት ሰው «ቀናበት» ከተባለ ነገሩ ወደ ምቀኝነት ይዞራል።