የወር አበባ ሲዛባ ቁርባኑና ጾሙ እንዴት ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዕድሜዬ 49 ነው። የወር አበባዬ አራት ወር ጠፍቶ ይመጣል፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ በ15 ቀኑ ይደገማል። ለቁርባን ተዘጋጅቼ ሌሊቱን እየመጣብኝ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። በድንገት ሙቀት ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴን ያቃጥለኛል፣ በላብ እጠመቃለሁ፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ወዳጄ «መንፈስ ነው» ትለኛለች። የ12 ዓመት ልጄም ከሁለት ወር በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ከዚያ ወዲህ አልደገማትም፣ ግን «ረክሻለሁ» ብላ ጸሎት አቁማለች። ምን ላድርግ? ጾሙንስ እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከልጅዎ ልጀምር፤ የእርስዎ ቢቆይ ይቆያል፣ የእርሷ ግን ማደር የለበትም።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በልማደ አንስት ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም። ክልከላው እዚህ ላይ ያበቃል። ቤቷ ሆና ውዳሴ ማርያም መድገም፣ ዳዊት ማንበብ፣ መጾም፣ ከቤተ መቅደሱ ውጭ ቆማ ማስቀደስ የከለከላት የለም። ነገሩ ኃጢአት ቢሆን ንስሐ ይታዘዝበት ነበር፤ የወር አበባ ስላየች ብቻ ቀኖና የሚሰጥ ካህን ግን የለም። ወንዱም ሕልመ ሌሊት ሲያገኘው በዚያ ቀን አይቆርብም፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ያነሣቸው። ይህን ሳይነግሩ «አትግቢ» ብቻ ማለት ነው ልጆችን ከጸሎት የሚያስወጣቸው። እኛ መምህራንም እዚህ ላይ ጥፋት አለብን።

የሰውነቷንም ነገር በግልጽ ይንገሯት። ከአንጎል ሥር ያለች፣ አተር የምታህል ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ እንቁላል የሚያፈሩትን ዕጢዎች ትቀሰቅሳለች፤ እነርሱም ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ያመነጫሉ። ጡት የሚያጎጠጉጠው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የመጀመሪያው ደም የሚታየውም ብዙውን ጊዜ ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ማሕፀን ለፅንስ ብሎ ያነጠፈውን ሽፋን ፅንስ ሳይመጣ ሲቀር ያራግፈዋል፤ የሚፈሰው ደም ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንቁላል በየወሩ ስለማይለቀቅ ከ21 እስከ 45 ቀን ቢለያይ አያስደነግጥም፤ አልፎ አልፎ ከዚያም ይዘገያል። 90 ቀን ካለፈ ግን ሐኪም ይያት። ፓዱን ባይሞላም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትቀይር። አንዱ ፓድ በአንድ ሰዓት ውስጥ እየሞላ ከቀጠለ ወይም ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ ለደም ማነስ ይዳርጋታልና ችላ አይበሉ።

ወደ እርስዎ ልምጣ። እንቁላል እያለቀ ሲሄድ ዕጢዎቹ የፒቱታሪን ጥሪ አንዳንዴ ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ፤ እርሷም አልሰሙኝም ብላ አብዝታ ትጣራለች። ስለዚህ ኤስትሮጅን አንድ ሳምንት ሽቅብ፣ ሌላ ሳምንት ቁልቁል ይላል። የወር አበባዎን አንዴ የሚያጠፋው፣ አንዴ የሚያጣድፈው ይህ ነው። ሙቀቱም ከዚሁ የመጣ ነው፤ አንጎል ውስጥ ሙቀት የሚለካው ክፍል ኤስትሮጅን ሲጎድልበት ትንሿን ለውጥ እንኳ አይታገሥም። ሰውነት የጋለ መስሎት የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል፣ ላብ ያፈሳል። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል፣ ተከትሎም ብርድ ብርድ ይላል። ሌሊት እየቀሰቀሰ እንቅልፍ ስለሚነሣ ቁጣው ቢበረታ አይገርምም። ጠበሉን አልነቅፍም፣ ይጠመቁ፤ ግን ስም ያለውን የሰውነት ለውጥ መንፈስ ነው እያሉ ሐኪም አይሽሹ። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ መጽሐፈ ሲራክ ይናገራል።

በ15 ቀን የሚደገመው ነገር ግን «የዕድሜ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። በማሕፀን የሚበቅል እባጭ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) መዛባት ወይም የማሕፀን ሽፋን መወፈር ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ። አንድ ደብተር ይያዙ፤ የጀመረበትን ቀን፣ ያቆመበትን ቀን፣ በቀን የቀየሩትን ፓድ ብዛት ይጻፉ። ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥበታል።

ስለ ቁርባኑ፣ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቁ መዘጋጀትዎን አይተዉ። ሌሊት ከመጣ ይቅሩና ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ዝግጅቱ ከንቱ ሆኖ አይቀርም። አንዳንድ እኅቶች ለቁርባን ብለው የወር አበባ የሚያዘገይ ክኒን ከፋርማሲ ገዝተው ይውጣሉ። አይሁን! ምክንያቱ ባልታወቀ ደም ላይ ክኒኑ ሕመሙን ይሸፍነዋል፤ ለደም መርጋት በተጋለጠች ሴት ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ጾሙን በአንዴ አይጣሉት። ሌሊት በላብ የወጣውን ውኃ ጾም ከፈቱ በኋላ ይተኩ። ከ50 ዓመት በኋላ ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል፣ አጥንት በፍጥነት የሚሳሳው በዚህ ወቅት ነውና። ወተት በማይጠጣበት ጾም ቅጠላ ቅጠልና ጥራጥሬ ያብዙ፤ ካልበቃ ሐኪም እንክብል ያዛል። የብረት ክኒን ከታዘዘልዎ ከሻይ፣ ከቡናና ከካልሲየም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለዩት፤ አለበለዚያ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ክኒኑን ከጾም ሰዓት ጋር እንዴት እንደሚያስማሙት ለንስሐ አባትዎ ያማክሩ። የሚያዞርዎና የሚያደክምዎ ከሆነ የጾሙን ሰዓት ማሳጠር የእርሳቸው ሥልጣን ነው፤ የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ ነው።

ያልጠየቁኝንም ልጨምር። የብልት ድርቀት ሩካቤን የሚያሳምም ከሆነ ባልዎ ፍቅር የቀዘቀዘ እንዳይመስለው ይንገሩት፤ ሐኪም የሚያዝዘው ማለስለሻም ሆነ ቅባት አለ። ሙቀቱ ከበረታብዎ የሆርሞን ሕክምና መውሰድ ኢንሱሊን ከመውሰድ አይለይም፣ ነውር የለበትም። ማሕፀን ላላት ሴት ግን ኤስትሮጅን ብቻውን አይሰጥም፣ ፕሮጄስትሮን የተባለ ሌላ ሆርሞን ይጨመርበታል፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት የነበረባት ደግሞ አስቀድማ ትናገር።

አረጡ የሚባለው 12 ወር ሙሉ ምንም ሳያዩ ሲቀሩ ነው። እስከዚያ መፀነስ ይቻላል፣ አይዘናጉ። ከ12 ወር በኋላ ደም ሲያዩ «እንደ ሣራ ታደስሁ» ብለው የሚደሰቱ አሉ። ሣራ የወለደችው ልማደ አንስት ከተቋረጠ በኋላ በተስፋ ቃል ነው፤ ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ግን የማሕፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዲት ጠብታም ብትሆን በዚያው ሳምንት ይታዩ።