የቤት ሰርቨር ጥያቄና መልስ፦ አንሬይድ ለሰሜን ሸዋ ቤትና ሱቅ

ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት የመጣውን እመልሳለሁ። ለማያውቁት በአጭሩ፦ አንሬይድ ያረጀ ዴስክቶፕን የፋይል ማከማቻ፣ የአፖች ማስኬጃና የቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒዩተር የሚሠራ) ቤት የሚያደርግ ሲስተም ነው። ላይም ቴክኖሎጂ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ። ሻጩ አይደለሁም፣ ኮሚሽንም የለኝም፤ ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ ስለሚሠራልኝ ነው የማወራው።

ሁለት ነገር ቀድሜ ልናገር። ፓሪቲ፣ ማለትም አንድ ዲስክ ሲሞት ይዘቱን ለመመለስ የሚያገለግለው ተጨማሪ ዲስክ፣ ባክአፕ (ለብቻ የተቀመጠ ሌላ ቅጂ) አይደለም። ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ ከሚይዘው ባትሪ፣ አትጀምሩ።

የሸዋ ሮቢቱ ፎቶ ቤት፦ ጋሼ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሞላበት ያገለገለ ሀርድ ዲስክ አለኝ፣ ድምፅ ያሰማል። አንሬይድ ላይ ይሠራል?

ምን ዓይነት ድምፅ? ስንት ዓመቱ? የስማርት ቁጥሮቹን (ዲስኩ ስለ ጤናው ራሱ የሚመዘግባቸውን) ላክ፦ 5፣ 197፣ 198 እና 199። ያለ ቁጥር አልመልስም።

የዓለም ከተማው ልጅ፦ ከሌሎቹ የሰርቨር ሲስተሞች፣ ከትሩናስና ከፕሮክስሞክስ፣ በምን ይሻላል? ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

እኛ ዲስክ መርጠን አንገዛም፣ ያገኘነውን ነው የምንገዛው። እኔ ቤት አራት ዲስክ አለ፦ ሁለቱ ባለ 4 ቴራ፣ አንዱ ባለ 2፣ አንዱ ባለ 1፤ ትንሹ ከካሜራ መቅጃ የወጣ ነው። እነዚህን በትሩናስ ሬይድዚ1 (አንድ ዲስክ ቢሞት ዳታው በሚተርፍበት አደረጃጀት) ባሰልፋቸው ሁሉም በትንሹ ልክ ይቆረጣሉ፤ የምጠቀመው 3 ቴራ ብቻ ይሆናል። አንሬይድ አንዱን ባለ 4 ለፓሪቲ ይወስድና የቀረውን 7 ቴራ ይተውልኛል። ወደፊት ባለ 3 ቴራ ባገኝ እጨምራለሁ፤ ከፓሪቲው ያልበለጠ ሁሉ ይገባል።

የፓሪቲን አሠራር ደግሞ አንዴ በደንብ ልጻፈው። ሦስት ዲስኮች በአንድ ቦታ ላይ 1፣ 0፣ 1 ይዘዋል እንበል። 1 ያለባቸው ሁለት ስለሆኑ፣ ማለትም ጥንድ ስለሆኑ፣ ፓሪቲው 0 ይጽፋል። ጎዶሎ ቢሆኑ 1 ጽፎ ጥንድ ያደርጋቸው ነበር። ሦስተኛው ዲስክ ሞተ፤ 1፣ 0 እና የፓሪቲው 0 ቀሩ። ጥንድ ለመሙላት የጎደለው 1 ነው፣ የሞተውም የያዘው እሱን ነበር። ይህን ከዲስኩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብትደግመው አዲሱ ዲስክ ላይ የሞተው እንደገና ይጻፋል።

በአንድ ፓሪቲ ሁለት ዲስክ አብሮ ቢሞት እነዚያ ሁለቱ ሄዱ። የቀሩት ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፋይል ሲስተም (የፋይል አደራደር) ስላላቸው ነቅለህ ሌላ ሊነክስ ላይ ሰክተህ ታነባቸዋለህ። በሬይድዚ1 ሁለት ከሞተ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

ጉድለቱን አልደብቅም፤ ሲጽፍ ቀርፋፋ ነው። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አሮጌውን ዳታና ፓሪቲውን አንብቦ ሁለቱንም መልሶ ይጽፋል። ስለዚህ ፊት ለፊት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ለካሽ፣ ማለትም ለጊዜያዊ ማረፊያ፣ ይደረጋል፣ ሌሊት ወደ ዲስኮቹ ይገለበጣል።

የኔትወርክ ባለሙያው፦ ይቅርታ መምህር፣ ግማሹን ነው የነገርካቸው። ዜድኤፍኤስ (ሬይድዚ ያለበት የትሩናስ ፋይል ሲስተም) ፋይል ዝም ብሎ ሲበላሽ በቼክሰም (በመፈተሻ ቁጥር) ያውቀዋል፤ የአንተ ዲስኮች ፋይል ሲስተም፣ ኤክስኤፍኤስ፣ የተበላሸ ፎቶ ይዞ ምንም አይልም። ደግሞ አሁን ሬይድዚ ላይ ዲስክ መጨመር ተችሏል።

ስለ ቼክሰሙ ልክ ነህ። መጨመር የተቻለውም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በወጣው ኦፕንዜድኤፍኤስ 2.3 ነው፣ እሱንም አውቃለሁ። ግን የምትጨምረው ዲስክ ከነባሮቹ ትንሹ ያላነሰ መሆን አለበት፣ እሱም በትንሹ ልክ ይቆረጣል፤ ችግራችን ያልተመጣጠነ ዲስክ ነው። ዜድኤፍኤስን የሚወድ ከ6.12 እትም ጀምሮ አንሬይድ ላይም ያገኘዋል።

የኔትወርክ ባለሙያው፦ ታዲያ ለምን ይከፈልበታል?

የዓለም ከተማው ልጅ፦ እሱን ነው እኔም የምለው።

ገንዘብ ከሌለህ ፕሮክስሞክስን ጫን፣ ጥሩ ነው፣ አልጣላህም። ዋና ሥራህ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ እንዲያውም እሱ ይበልጣል።

የአጣዬዋ ነጋዴ፦ ዋጋው ስንት ነው ወንድሜ?

እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ ሦስት ዓይነት ነበር፦ እስከ 6 ዲስክ 49 ዶላር፣ ያለ ገደብ 109፣ የዕድሜ ልክ 249። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማሻሻያ የሚመጣው ለአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲስተሙ አይቆምም፣ አዲስ እትም ብቻ ይቀራል። የ30 ቀን ሙከራ አለ፣ እሱ ግን ሲነሳ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ፈቃዱ ሲስተሙ ከሚነሳበት ፍላሽ መለያ ቁጥር ጋር ስለሚታሰር ደህና ፍላሽ ግዢ፤ የርካሾቹ ቁጥር ተደጋጋሚ እየሆነ ፈቃድ ይከለከላል።

የአጣዬዋ ነጋዴ፦ ፒችትሪ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ ይጫንበታል?

ዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ፣ አዎ። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ቪቲ-ኤክስ፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደው የፕሮሰሰር አማራጭ፣ ይብራ፣ ራም 16 ጊጋ ይሁን። ሌላውን የሒሳብ ሠራተኛሽን ጠይቂ።

አዲስ የገባ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ፓሪቲ ካለኝ ባክአፕ አያስፈልገኝም አይደል?

ላይ ጽፌያለሁ። ልጅህ ፎልደር ቢሰርዝ ፓሪቲው በዚያችው ሰከንድ መሰረዙን ይመዘግባል። ሌባ ሳጥኑን ይዞት ቢሄድ ፓሪቲውም አብሮ ይሄዳል። ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠህ ሌላ ቤት አስቀምጥ።

የደብረ ብርሃኑ ተማሪ፦ ዩፒኤስ ግን የግድ ነው? ስታቢላይዘር አለኝ።

ስታቢላይዘር መብራት ሲሄድ ምን ያደርግልሃል? ማሽኑ ሳይዘጋ ከጠፋ ሲነሳ ፓሪቲውን ከመጀመሪያ ይፈትሻል። ባለ 4 ቴራ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢነበብ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በቀን ሁለቴ መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆንክ ፍተሻው ሳያልቅ እንደገና ይጀምራል፣ ዲስኩም በፍተሻ ያረጃል። ሰዓት የሚያቆይ ትልቅ ባትሪ አያስፈልግህም፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ግን የዩኤስቢ ገመድ ያለው ይሁን። ማሽኑ በገመዱ ሰምቶ ራሱን ይዘጋል። ገመድ የሌለው ዩፒኤስ ሞቱን በአምስት ደቂቃ ከማዘግየት በቀር አይረባም።

አንድ አባል፦ ስሟ ደብረ ብርሃን፣ ብርሃኑ ግን በፈረቃ።

እንቀጥል።

የመሐል ሜዳው፦ እኛ ጋ ብርዱ ዲስክ አይጎዳም ወይ? ባና ላልብሰው?

ባናውን አንተ ልበሰው! ማሽን አይሸፈንም። የአንተ ጉዳይ ብርዱ ሳይሆን ከፍታው ነው። የሀርድ ዲስክ አንባቢ ከሳህኑ በላይ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ አየሩ ሲሳሳ ይወርዳል። የአብዛኞቹ አምራቾች የሥራ ወሰን 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ስለሆነች እናመልጣለን፣ መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 ትበልጣለች።

የኔትወርክ ባለሙያው፦ አልፎ ወዲያው አይሞትም እኮ።

የመሐል ሜዳው፦ የእኔ ላፕቶፕ ስድስት ዓመት ሠርቷል፣ መንዝ ላይ ማን ሜትር ይለካል!

ወዲያው ይሞታል አልወጣኝም። በወሰኑ ጫፍ ላይ የቤተሰብ ፎቶህን አታስቀምጥ ነው የምለው። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም፤ አንተ በእሱ ጀምር፣ ትንሽም ቢሆን።

አንዲት መምህርት፦ ትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት የለውም። ጥቅም አለው?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ኪዊክስ የሚባል አፕ አለ፤ ዊኪፒዲያን እንዳለ በፋይል ያወርዳል። የእንግሊዝኛው ከነምስሉ ከ100 ጊጋባይት ያልፋል፣ የአማርኛው ግን በጣም ትንሽ ነው። ደህና ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አውርደሽ በዲስክ ታመጪዋለሽ፤ ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ፣ ሳንቲም ሳይቆጥርባቸው፣ በስልካቸው ያነባሉ። የትምህርት ቪዲዮ ጄሊፊን በሚባል የቪዲዮ ማሳያ አፕ ይታያል። ለዚህ ብቻ ከሆነ 8 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ይበቃል። የፈተና ውጤት የምታስቀምጡበት ከሆነ ግን ያው ነው፤ ሌላ ቅጂ ይኑር።

የዓለም ከተማው ልጅ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ልክፈተው ብልስ?

ዋየርጋርድ ወይም ቴይልስኬል፤ ከሩቅ በተመሰጠረ መስመር ያስገቡሃል። ራውተር ላይ ፖርት፣ ከውጭ ማንም የሚያንኳኳውን በር፣ እንዳትከፍት።

የሸዋ ሮቢቱ ፎቶ ቤት፦ ጋሼ ቁጥሮቹን አገኘሁ። 5፦ 48። 197፦ 16። 198፦ 16። 199፦ 0።

199 ዜሮ ከሆነ ኬብሉ ጤነኛ ነው። 197 ላይ 16 ማለት ማንበብ ያቃተው 16 ቦታ አለ። የሰርጎቹ ሌላ ቅጂ አለህ?

የሸዋ ሮቢቱ ፎቶ ቤት፦ የለኝም።

አንሬይዱን ተወው። አሁን አጥፋው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት አይረዳህም። ሌሊት ሌላ ዲስክ ስካበትና መጀመሪያ ያልተረከቡትን ሰርጎች ገልብጥ። ሲያልቅ ጻፍልኝ፣ አልተኛም።