ስንት አመጣህ? የወላጆችና የመምህራን ጥያቄዎች

የፈተና ሰሞን ስለሆነ ደብዳቤው ሁሉ ማርክ ማርክ ይላል። አልፈርድባችሁም።

አንዲት መምህርት፦ ቀይ እስክሪብቶ ልጆችን ያስደነግጣል ተብሎ በአረንጓዴ አርሙ ተባልን። ልክ ነው?

በፈለጉት ቀለም ያርሙ።

ሜሪላንድ የሚኖሩ አባት፦ የልጄ ካርድ ላይ ስንተኛ እንደወጣች የሚል ነገር የለም። እየደበቁኝ ይሆን?

ኧረ አልደበቁዎትም። እዚያ አገር ትንንሽ ልጆችን በደረጃ መደርደር የተለመደ አይደለም። መምህሯን “ምኑ ይከብዳታል?” ብለው ይጠይቋት።

ባሕር ዳር አካባቢ ያሉ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር፦ 68 ተማሪ አለኝ። ተከታታይ ምዘና እየተባለ ቴስት፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ ደብተር ስይዝ ሴሚስተሩ ያልቃል። ልጆቹ ግን ያው ናቸው።

ወንድሜ፣ ያመኛል ይሄ ነገር። ተከታታይ ምዘና በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከገባ ወዲህ እኛ ያደረግነው አንዱን ትልቅ ፈተና ቆራርሶ ማብዛት ነው። ሮስተሩ ይሞላል፤ ልጁ የት ጋ እንደተሰናከለ ግን ማንም አያይም።

እኔም ሳስተምር 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ግማሹ ክፍል 2/5 አለ። ኤክስ፣ ዜሮ፣ ቀጣይ! አንዷን ግን “እንዴት አገኘሽው?” አልኳት። “ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደመርኩ” አለች፣ ኮራ ብላ። “ግማሽ እንጀራ ይዘሽ ሲሶ ብጨምርልሽ ከግማሽ ያንሳል እንዴ?” ዝም አለች። ቆይታ ሳቀች። ያን ሁሉ ኤክስ ያደረግኩበት ወረቀት ይህን አልነገረኝም ነበር።

ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ለተማሪ ማርክ ይሻላል ወይስ አስተያየት የሚለውን ፈትሸውታል። ለአንዱ ቡድን ማርክ፣ ለሌላው አስተያየት፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጡ። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙትስ? ማርኩ አስተያየቱን ዋጠው።

68 ደብተር ላይ አስተያየት ይጻፉ አልልም፤ አላበድኩም። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንድ ጥያቄ ይስጡ፣ በቁራጭ ወረቀት፣ ያለ ስም፣ ያለ ማርክ። ማታ በሦስት ይከምሩት፦ የገባው፣ ያልገባው፣ አንድ ዓይነት ስህተት የሠራው። ነገ ከትልቁ ክምር ይጀምሩ።

የ1ኛ ክፍል ልጄ አስጠኚ ያስፈልገዋል?

መምህሩን ያማክሩ።

አንድ አባት፦ ልጄ ካርዷ ላይ 90 እና 95 ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግን ወደቀች። ምን ጉድ ነው?

ብቻዋን አይደለችም። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ከ95ቱ ውስጥ ስንቱ የደብተር ንጽሕና፣ ስንቱ ጓደኛ የሠራው የቡድን ሥራ እንደሆነ ይጠይቋት። ሳይቆጡ።

አንዲት እናት፦ የ8 ዓመት ልጄ ፈተና ሲኖርበት ሌሊቱን አይተኛም፣ ጠዋት ያስመልሰዋል። ጎረቤት “ስንፍና ነው” ይላል።

ጎረቤቱን ይተዉት። ይሄ በእኔ ጽሑፍ የሚመለስ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፣ በዚህ ሳምንት። ለመምህሩም ይንገሩ። እስከዚያ “ስንት አመጣህ?” የምትባለው ጥያቄ ከቤት ትውጣ፤ አባቱም እንዳይጠይቅ። ሐኪሙ ያለውን ይጻፉልኝ።