መኝታ ባለው መኪና ለመጓዝ ስለሚደረግ ዝግጅት
ውድ ጠያቂ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ከባለቤትዎ ጋር መኝታና ማብሰያ በተገጠመለት መኪና ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሊጓዙ አስበው፣ ከዝግጅቱ የትኛው መቅደም እንዳለበት ጠይቀዋል። እኔና ባለቤቴም በደብረ ማርቆስ በዚሁ ዝግጅት ላይ ስለሆንን ያየነውን እነግርዎታለሁ።

ከሁሉ በፊት ክብደቱን ያስቡ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ 100 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ 100 ኪሎ ይጨምራል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ይህ ሁሉ ሸክም ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የሚጠጡትን ብቻ ይዘው በርሜሉን ደጀን ከወጡ በኋላ ቢሞሉት ይሻላል፤ ቁልቁለቱንም ገና ከአፋፉ በከባድ ማርሽ ይጀምሩት፤ ፍሬን ያለማቋረጥ ተረግጦ ከጋለ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳልና።

ስንቁን ባለቤቴ ይዛዋለች፤ በሶው ተፈጭቷል፣ ድርቆሹም ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ግን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሌሊት መኪናው ውስጥ አድረን፣ የመኪናው መውጫ ለጉልበቷ ከፍ እንደሚልባት ያወቅነው ያን ጊዜ ስለሆነ፣ አሁን የእንጨት መርገጫ አሠርተናል። እናንተም ሳትነሡ በፊት እንዲሁ ብታድሩበት መልካም ነው።

የደጋው ሌሊት ቢበርዳችሁም፣ እባካችሁ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ መኪና ውስጥ አትተኙ፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።